ትንሽ መግዛት ራስን መቻል አይደለም፤ የኢትዮጵያና የኬንያ የወረቀት ገቢ ንግድ

ኢትዮጵያና ኬንያ የሚጽፉበትን፣ የሚያትሙበትንና ዕቃ የሚያሽጉበትን ወረቀት አብዛኛውን ከውጭ ይገዛሉ። የግዢያቸው መጠን ግን የሕዝባቸውን ብዛት አይከተልም። በ2019 በተደረገው ቆጠራ 47.6 ሚሊዮን ሕዝብ የተመዘገበባት ኬንያ፣ ከ100 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ካላት ኢትዮጵያ የበለጠ ወረቀትና ካርቶን ታስገባለች (ዓ.ም. ተብለው ካልተለዩ በቀር በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሒሳቡ በነፍስ ወከፍ ሲሠራ ልዩነቱ ይበልጥ ይሰፋል። ይህን ያየ ሰው ኬንያ የውጭ ወረቀት ጥገኛ ሆናለች፣ ኢትዮጵያ ደግሞ ወጪዋን ቆጥባለች ብሎ ሊደመድም ይችላል። የሁለቱ አገሮች የወረቀት ንግድ ታሪክ የሚያሳየው ሌላ ነው። የኬንያ ግዢ የበዛው ኢኮኖሚዋ ወረቀት በብዛት የሚፈጅ በመሆኑና የራሷ ፋብሪካ ስለወደቀባት ነው። የኢትዮጵያ ግዢ ያነሰው ደግሞ ወረቀት ስላላስፈለጋት ሳይሆን መግዣው ዶላር ስላልበቃት ነው።

ወደ ታሪኩ ከመግባት በፊት ቁጥሮቹ ምን ምን እንደሚቆጥሩ ማወቅ ያስፈልጋል። አገሮች ገቢና ወጪ ዕቃቸውን የሚመዘግቡበት ዓለም አቀፍ የታሪፍ አመዳደብ ወረቀትንና ካርቶንን በምዕራፍ 48 ሥር ያስቀምጣል። በአንድ ምዕራፍ ይጠቃለሉ እንጂ ዕቃዎቹ እጅግ የተለያዩ ናቸው። በግዙፍ ጥቅል የሚመጣ የጋዜጣ ወረቀት አለ፤ ለደብተርና ለፎቶ ኮፒ የሚሆን ነጭ ወረቀት አለ፤ ለካርቶንና ለከረጢት መሥሪያ የሚሆነው ቡናማ ክራፍት አለ፤ ለመጽሔት ሽፋን የሚውለው አንጸባራቂ ወረቀት፣ ሶፍት፣ ተዘጋጅቶ የመጣ ካርቶንና ያለቀለት ደብተርም እዚያው ይገኛሉ። ወረቀት የሚሠራበት ፐልፕና ውዳቂ ወረቀት ግን የሚመዘገቡት በምዕራፍ 47 ነው። የታተመ መጽሐፍ ደግሞ ምዕራፍ 49 ውስጥ ይገባል። ስለዚህ አንድ አገር ወረቀቱን ገዝቶ መጽሐፉን አገር ቤት ቢያትም ግዢው በ48 ይታያል፤ ውጭ አሳትሞ ቢያስገባው ከ48 ተሰውሮ በ49 ብቅ ይላል። ይህ የመዝገብ ጉዳይ ቢመስልም፣ በኋላ እንደሚታየው፣ በኢትዮጵያ ሒሳብ ላይ ትልቅ ለውጥ ያመጣል።

በጊዜ ሂደት ማነጻጸር ሲፈለግ ችግሩ ይባባሳል። የሕፃናት ዳይፐርና የሴቶች የንጽሕና መጠበቂያ ለብዙ ዓመታት ከወረቀት ጋር በምዕራፍ 48 ሲመዘገቡ ቆይተው፣ በ2012 በተደረገው የታሪፍ ማሻሻያ ወደ ምዕራፍ 96 ተዛውረዋል። አገሮች ማሻሻያውን ሥራ ላይ የሚያውሉት በአንድ ቀን ስላልሆነ፣ በዚያ ዓመት አካባቢ የታየ የወረቀት ገቢ ቅናሽ እውነተኛ የንግድ ቅናሽ ሳይሆን የመደብ ለውጥ ሊሆን ይችላል። የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት (ፋኦ) ከ1961 ጀምሮ የወረቀትን ምርትና ንግድ በቶን ይመዘግባል፤ ነገር ግን ያለቀላቸውን ደብተሮችና ካርቶኖች ከወረቀት አይቆጥርም። የፋኦን መዝገብ ከጉምሩክ መዝገብ ጋር ያለ ማስተካከያ የሚያዋህድ ተመራማሪ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን እየደመረ ነው። የኢትዮጵያ መዝገብ በተጨማሪ ሁለት ስንጥቅ አለበት። ኤርትራ በ1993 ነጻ አገር ስትሆን ያስገባችው ዕቃ ከኢትዮጵያ መዝገብ ወጥቷል። የበጀት ዓመቱም ሐምሌ 1 ስለሚጀምር፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የወጣ ሪፖርት ከጥር እስከ ታኅሣሥ ከሚቆጠረው የኬንያ ሪፖርት ጋር ወር በወር አይገጥምም።

ከሁሉ የሚበልጠው ስሕተት ግን ዶላርን እንደ ወረቀት መቁጠር ነው። አንድ አገር በአንድ ዓመት 1,000 ቶን ወረቀት በቶን 700 ዶላር ገዛ እንበል፤ መዝገቡ 700,000 ዶላር ያሳያል። በሚቀጥለው ዓመት ዋጋው 1,000 ዶላር ደርሶ 800 ቶን ብቻ ቢገዛ መዝገቡ ወደ 800,000 ዶላር ይወጣል። ንግዱ አደገ ተብሎ ይጻፋል፤ አገር ቤት የደረሰው ወረቀት ግን በአንድ አምስተኛ ቀንሷል። እንዲህ ያለ ነገር በምናብ ብቻ የሚኖር አይደለም። በ1995 የዓለም የፐልፕና የወረቀት ዋጋ ሽቅብ ወጥቶ ነበር። በ2021 እና በ2022 ደግሞ የኮንቴይነር ማጓጓዣ ዋጋ ንሯል፤ የፊንላንዱ ዩፒኤም ኩባንያ ሠራተኞች ከጥር 2022 መግቢያ እስከ ሚያዝያ ድረስ ለአራት ወራት ያህል ሥራ አቁመዋል፤ የዩክሬን ጦርነት የአውሮፓን የኃይል ዋጋ ሰቅሎታል። እነዚህን ዓመታት በዶላር ብቻ የሚያነብ ሰው ዕድገት ያያል፤ በቶን የሚያነብ ሰው ግን እጥረቱን ያያል።

የኬንያ የወረቀት ታሪክ ከአንዲት ከተማ ጋር የተያያዘ ነው። ዌቡዬ በምዕራብ ኬንያ በንዞያ ወንዝ አጠገብ ትገኛለች። የኬንያ መንግሥት፣ የዓለም ባንክ ቡድን አባል የሆነው ኢንተርናሽናል ፋይናንስ ኮርፖሬሽንና የሕንዱ ኦሪየንት ፔፐር ሚልስ በጋራ ያቋቋሙት ፓን አፍሪካን ፔፐር ሚልስ በ1974 እዚያ ማምረት ጀመረ። ሕዝቡ «ፓንፔፐር» ይለዋል። ፋብሪካው በምሥራቅ አፍሪካ ብርቅ ነበር፤ ፐልፕ ከውጭ ገዝቶ ወረቀት የሚጋግር ሳይሆን፣ ከመንግሥት ደኖች የፓይንና የፈረንጅ ጥድ ግንድ ተቀብሎ፣ ፈልጦ፣ ቀቅሎ፣ ፐልፑን አውጥቶ ወረቀት እስከ ማድረግ ድረስ ሥራውን ሁሉ በአንድ ግቢ ይሠራ ነበር። ለከተማዋ ሥራም ገበያም አመጣላት፤ ከዚያው ጋር የድኝ ሽታና ቶሎ ቶሎ የሚዝግ የቤት ቆርቆሮ አብሮ መጣ።

እስከ 1990ዎቹ መግቢያ ድረስ የኬንያ መንግሥት ገቢ ንግድን በፈቃድ ይቆጣጠር ስለነበር ፓንፔፐር ከውጭ ወረቀት ጋር ፊት ለፊት አይፋለምም ነበር። በ1993 የገቢ ፈቃድ ሥርዓቱ ሲነሳና የምንዛሪ ቁጥጥሩ ሲላላ ገበያው ተከፈተ። ከዚያ በኋላ ፋብሪካው የነዳጅና የኤሌክትሪክ ሒሳብ፣ የእንጨት አቅርቦት ችግርና የዕዳ ክምር ተደራርበውበት በ2009 ተዘጋ። መንግሥት መልሶ ለማስነሳት ያደረገው ሙከራ አልዘለቀም፤ በ2016 ንብረቱ ለራይ ግሩፕ በ900 ሚሊዮን የኬንያ ሽልንግ ተሸጠ። በየካቲት 2018 ደግሞ መንግሥት በሕዝብ ደኖች ውስጥ እንጨት መቁረጥ አገደ፤ ዕገዳው እስከ 2023 ድረስ ዘለቀ። ፋብሪካ ቢኖርም ግንድ ከሌለ ፐልፕ የለም።

የኬንያን የገቢ ቁጥር ሲያነቡ ይህን ልብ ማለት ያስፈልጋል። በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ኬንያ ከውጭ የገዛችው ወረቀት ከምትጠቀምበት ያነሰ ነበር፤ ቀሪውን ዌቡዬ ይሸፍነው ነበር። ከ2009 በኋላ የታየው ጭማሪ ከፊሉ የፍጆታ ዕድገት ነው፤ ከፊሉ ግን ቀድሞ በንዞያ ዳር ይሠራ የነበረው ወረቀት በመርከብ መምጣት መጀመሩ ነው። ሁለቱን ሳይለዩ «የኬንያውያን የወረቀት ፍላጎት በዚህ ያህል አደገ» ማለት አይቻልም።

ኢትዮጵያም በንጉሡ ዘመን የወረቀት ፋብሪካ አቁማለች። ቦታው ወንጂ ነው፤ ከስኳር ፋብሪካው ጎረቤት። ስኳር አገዳ ተጨምቆ የሚቀረው ገለባ ለወረቀት ጥሬ ዕቃ መሆን ስለሚችል የቦታው ምርጫ ትርጉም ነበረው። ይሁን እንጂ የወንጂው ፋብሪካ በተግባር የኖረው ከውጭ በሚገዛ ፐልፕና አገር ውስጥ በሚሰበሰብ ውዳቂ ወረቀት ነው። ከዌቡዬ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ፓንፔፐር በሠራ ቁጥር የኬንያ የውጭ ግዢ ይቀንስ ነበር፤ ወንጂ በሠራ ቁጥር ግን የኢትዮጵያ ግዢ ከምዕራፍ 48 ወደ ምዕራፍ 47 ይዛወራል እንጂ ሙሉ በሙሉ አይቀርም። ፐልፕ ካለቀለት ወረቀት ይልቅ ርካሽ ስለሆነ ቁጠባ የለውም ማለት አይደለም። ዶላር ሲጠፋ ግን ፋብሪካው ከአስመጪው ጋር እኩል ይቆማል።

በደርግ ዘመን ገቢ ንግዱ በመንግሥት እጅ ነበር፤ ብርም በዶላር 2.07 ላይ ተቸንክሮ ቆየ። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች የማንበቢያ መጻሕፍት አሳትሞ ወደ ገጠር ሲልክ የወረቀት ፍላጎቱ የገበያ ሳይሆን የመንግሥት ውሳኔ ነበር። ስለዚህ የዚያን ዘመን የኢትዮጵያ የወረቀት ገቢ ውጣ ውረድ ከዋጋ ይልቅ የዘመቻና የዕርዳታ መርሐ ግብር ይመራዋል። በጥቅምት 1992 ብር በዶላር ወደ 5 ሲወርድ፣ በዚያው ሰሞንም የፕሬስ ሕጉ ሲታወጅ ሥዕሉ ተለወጠ። የግል ጋዜጦችና መጽሔቶች እንደ አሸን ፈሉ፤ የግል ማተሚያ ቤቶችና ወረቀት አስመጪዎች ወደ ገበያው ገቡ። ከሁሉ በላይ ግን ፍላጎቱን ያሳደገው ትምህርት ቤት ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ጥቂት ሚሊዮን የነበረው የአንደኛ ደረጃ ተማሪ በሁለት ዐሥርት ዓመታት ተኩል ውስጥ ወደ 20 ሚሊዮን ተጠጋ። ልጆች በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ መደረጉም እያንዳንዱ መጽሐፍ በብዙ ቋንቋዎች እየተዘጋጀ ለየብቻ እንዲታተም አደረገ።

ይህ ሁሉ ፍላጎት የኢትዮጵያን የወረቀት ግዢ ከኬንያ በላይ ሊያደርገው ይገባ ነበር። ያላደረገው የውጭ ምንዛሪ ነው። በኬንያ ነጋዴው ሽልንጉን ይዞ ባንክ ሲሄድ ዶላር የሚያገኘው በዋጋ ነው፤ ሽልንግ ሲዳከም ወረቀት ይወደዳል፣ ግዢው ይቀንሳል፣ ግን አይቆምም። በጥር 2024 አንድ ዶላር ወደ 160 ሽልንግ ደርሶ በወራት ውስጥ ወደ 130 ሲመለስ የወረቀት ነጋዴው የተሰማው የዋጋ ሕመም ነበር። በኢትዮጵያ ግን እስከ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ድረስ ጥያቄው ዋጋ ሳይሆን ወረፋ ነበር። አስመጪው ኤል ሲ (ባንክ ለውጭ ሻጭ የሚሰጠውን የክፍያ ዋስትና) ለመክፈት ባንክ ያመለክታል፤ ነዳጅ፣ ማዳበሪያና መድኃኒት ቅድሚያ ያገኛሉ፤ የወረቀት አስመጪው ይጠብቃል። ወረፋው ሲረዝም በመዝገቡ ላይ የሚታየው «የገቢ ቅናሽ» ነው። ማንም ግን መግዛት አልተወም።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ተመነዘረ። ወረፋው ላላ፤ ዋጋው ግን ከበደ። ከዚህ ቀን ወዲህ የኢትዮጵያ ወረቀት ገቢ እንደ ኬንያው በዋጋ የሚመራ መሆን ጀምሯል። ከዚያ በፊት የነበሩትን ዓመታት ከኋላዎቹ ጋር በአንድ መስመር ስሎ «አዝማሚያው ይህ ነው» ማለት ሁለት የተለያዩ ሥርዓቶችን እንደ አንድ መቁጠር ይሆናል።

የሁለቱን አገሮች ልዩነት በምንዛሪ ብቻ መግለጽ ግን አይበቃም። ወረቀት የሚፈጀው የኑሮው አደረጃጀት ነው። ናይሮቢ ውስጥ አንድ ቤተሰብ ለኡጋሊ የሚሆነውን የበቆሎ ዱቄት ከሱቅ ሲገዛ፣ ብዙ ጊዜ የሚያነሳው ባለ ሁለት ኪሎ የወረቀት እሽግ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ብዙ ቤተሰብ እህሉን በማዳበሪያ ከረጢት ወፍጮ ቤት ወስዶ አስፈጭቶ በዚያው ከረጢት ይመልሰዋል። ኬንያ በዓለም ትልቅ ጥቁር ሻይ ላኪ ናት፤ በሞምባሳ ጨረታ የሚሸጠው ሻይ በብዛት የሚጫነው በወፍራም ባለ ብዙ ንብርብር የወረቀት ከረጢት ነው። የኢትዮጵያ ቡና የሚሄደው በጆንያ ነው። ኬንያ ውስጥ ሲሚንቶ በክራፍት ወረቀት ከረጢት መሸጡ የተለመደ ነው፤ ኢትዮጵያ ውስጥ ያው 50 ኪሎ ሲሚንቶ የሚታሸገው በተሸመነ ፕላስቲክ ነው። ዱቄት፣ ሻይና ሲሚንቶ ብቻ ተደምረው በሁለቱ አገሮች የክራፍት ፍላጎት መካከል ሰፊ ክፍተት ይፈጥራሉ። ይህ ክፍተት የንባብም የትምህርትም መለኪያ አይደለም። ኬንያ ብዙ ወረቀት ስለገዛች ብቻ ብዙ ታነባለች ማለት አይቻልም።

አበባ ሁለቱን አገሮች የሚያመሳስል ዘርፍ ነው። ኬንያ ከአፍሪካ ቀዳሚዋ አበባ ላኪ ስትሆን ኢትዮጵያ ትከተላታለች። ጽጌረዳው ከእርሻው ወጥቶ ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ይገባል፤ በእርጥበትና በቅዝቃዜ ውስጥ እያለ ተደራርቦ አውሮፕላን ላይ ይጫናል። ካርቶኑ ርሶ ከላላ ከሥር ያለው አበባ ይደቃል። ስለዚህ ለአበባ የሚሆን ካርቶን በተደጋጋሚ ከተፈጨ ውዳቂ ወረቀት ብቻ ሊሠራ አይችልም፤ ረጅም ጭረት ያለው፣ ከቀዝቃዛ አገሮች ደን የሚገኝ አዲስ ክራፍት ይፈልጋል። እንዲህ ያለው ግዢ በገቢ መዝገብ ላይ ወጪ ሆኖ ቢታይም የሚያመጣው የውጭ ምንዛሪ አለ። የወረቀት ገቢን በጅምላ ለመቀነስ የሚነሳ ፖሊሲ ይህን ክራፍት ከሶፍትና ከግድግዳ ወረቀት ጋር አብሮ ቢመታ የሚጎዳው የአገሪቱን የራሷን የወጪ ንግድ ነው።

በነሐሴ 2017 ኬንያ የፕላስቲክ ከረጢትን አገደች። ወረቀት ወዲያውኑ ሙሉ በሙሉ ይተካዋል ተብሎ ቢጠበቅም መጀመሪያ ገበያውን የያዘው ጨርቅ መሳይ የፖሊፕሮፒሊን ከረጢት ነበር፤ በ2019 እሱም ታገደ። እገዳው የወረቀት ከረጢት ፍላጎትን ማሳደጉ አይካድም። ኢትዮጵያም በ2017 ዓ.ም. የፕላስቲክ ከረጢትን የሚከለክል አዋጅ በፓርላማ አጽድቃለች። ሕጉ በትክክል ሥራ ላይ ከዋለ ቡናማው ክራፍት ከደብተር ወረቀት ጋር ለአንዱ ዶላር ይፎካከራል። ይህ ከአሁኑ ሊታሰብበት የሚገባ ጉዳይ ነው።

የትምህርት መጻሕፍት ጉዳይ የንጽጽሩ እምብርት ነው። ኬንያ ከነጻነት ጀምሮ ያደገ የመጻሕፍት ኢንዱስትሪ አላት፤ የኬንያ ሊትሬቸር ቢሮና የጆሞ ኬንያታ ፋውንዴሽን የመሰሉ መንግሥታዊ አሳታሚዎች ከግል አሳታሚዎች ጋር ለትምህርት ቤት ይሠራሉ። በ2013 በወጣው የተጨማሪ እሴት ታክስ ሕግ መጻሕፍት 16 በመቶ ታክስ ሲጣልባቸው አሳታሚዎችና አንባቢዎች አጥብቀው ተቃውመዋል። ኢትዮጵያ ደግሞ ባለፉት ሁለት ዐሥርት ዓመታት ለተማሪዎቿ ከሚያስፈልጓት መጻሕፍት ብዙውን በዓለም አቀፍ ጨረታ ሕንድን በመሰሉ አገሮች አሳትማ አስገብታለች። ለዚህ በቂ ምክንያት ነበር፤ በዓለም ባንክና በሌሎች ለጋሾች ገንዘብ የሚካሄደው ግዢ በጨረታ ነው፤ የውጭው ማተሚያ ቤት ወረቀቱን በራሱ ገንዘብ ይገዛል፤ የአገር ውስጡ ግን ወረቀቱን ለማስመጣት የዶላር ወረፋ ይጠብቃል። ጨረታው ከመጀመሩ በፊት አንዱ ተሸንፏል። እነዚህ መጻሕፍት የሚመዘገቡት በምዕራፍ 49 ስለሆነ በወረቀት ገቢ ላይ ጨርሶ አይታዩም። ስለዚህ የኢትዮጵያ እውነተኛ የወረቀት ግዢ በ48 ከሚታየው ይበልጣል፤ አብሮም የጠፋ የማተሚያ ቤት ሥራ አለ።

ደብተር ግን በ48 ውስጥ ይገኛል። አንድ ትውልድ የኢትዮጵያ ተማሪ የሚያውቀው ሲናርላይን ደብተር የመጣው ከውጭ ነው። ተማሪው ጽፎ የጨረሰው ደብተር መንገድ ዳር ቆሎና ለውዝ መጠቅለያ ይሆናል፤ ያላለቀ ገጽ ያለውን ደብተር ደግሞ ቤተሰብ ለታናሹ ያቆያል። በገቢ መዝገብ ላይ ዝቅተኛ የነፍስ ወከፍ ፍጆታ ተብሎ የሚጻፈው በኑሮ ይህን ይመስላል።

የጋዜጣ ወረቀት በሁለቱም አገሮች እያሽቆለቆለ ያለ ንግድ ነው፤ መንገዱ ግን ይለያያል። በኬንያ አንባቢው ወደ ስልኩ ስለሄደ የጋዜጦች ኅትመት ቀንሷል። በኢትዮጵያም ስልኩ ድርሻ አለው፤ ነገር ግን ብዙ ጋዜጦችና መጽሔቶች ገጽ የቀነሱት ወይም የተዘጉት የኅትመት ዋጋ ከሽያጭና ከማስታወቂያ ገቢ በላይ ስለሆነባቸው ነው። በዓለም ደረጃም የጋዜጣ ወረቀት ፋብሪካዎች እየተዘጉ ወይም ወደ ካርቶን ምርት እየተቀየሩ ነው፤ ሻጩ ባነሰ ቁጥር ትንሽ መጠን የሚያዝ አገር የመደራደር አቅሙ ይዳከማል።

የባሕር በርም የራሱን ድርሻ ይይዛል። የኬንያ ወረቀት ሞምባሳ ወርዶ አገር ውስጥ ነው። የኢትዮጵያው ጂቡቲ ወርዶ፣ የወደብና የመተላለፊያ ክፍያ ተከፍሎለት፣ በጭነት መኪና ወይም በባቡር ይገባል። ወረቀት ከዋጋው አንጻር ከባድና ቦታ የሚይዝ ዕቃ ስለሆነ የማጓጓዣ ወጪው ከሌሎች ዕቃዎች ይልቅ ይጎዳዋል። በኬንያ በኩል ያለው ጥያቄ ደግሞ ስንቱ ወረቀት እዚያው ይቀራል የሚለው ነው። የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ የጉምሩክ ኅብረት በ2005 ከጀመረ ወዲህ የናይሮቢ ፋብሪካዎች ከውጭ ወረቀት ገዝተው ካርቶን፣ ደብተርና ሶፍት እየሠሩ ለኡጋንዳ፣ ለታንዛኒያና ለሩዋንዳ ይሸጣሉ። ስለዚህ የኬንያ ገቢ ሁሉ የኬንያውያን ፍጆታ አይደለም፤ ከላዩ ላይ ይህ መቀነስ አለበት። ኬንያ በ2023 የፋይናንስ ሕጓ በአንዳንድ የክራፍት ወረቀትና የወረቀት ከረጢት ዓይነቶች ላይ 10 በመቶ ተጨማሪ ቀረጥ የጣለችው የአገር ውስጥ አምራችን ለማበረታታት ነበር። ክራፍት ገዝቶ ካርቶን ለሚሠራ ፋብሪካ ግን ይህ የጥሬ ዕቃ ዋጋ ጭማሪ ነው። አንድ ቀረጥ አንዱን አምራች ሲጠቅም ሌላውን ሊጎዳ እንደሚችል ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም።

ኢትዮጵያ የራሷን ፐልፕ ብታመርትስ የሚለው ሐሳብ በየጊዜው ይነሳል። ጥሬ ዕቃው አለ። ባሕር ዛፍ ከዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ ደጋውን ሸፍኖታል፤ ብራዚል ያው ባሕር ዛፍ የዓለም ትልቋ የአጭር ጭረት ፐልፕ ላኪ አድርጓታል። በአፍሪካ ሰፊው የቀርከሃ ደን ያለውም በኢትዮጵያ ነው፤ ሕንድና ቻይና ከቀርከሃ ወረቀት ሲሠሩ ኖረዋል። መሰናክሉ መጠኑ ነው። በ2017 በፊንላንድ አኔኮስኪ የተከፈተው የሜትሳ ፋይበር ፋብሪካ 1.2 ቢሊዮን ዩሮ ፈጅቶ በዓመት 1.3 ሚሊዮን ቶን ፐልፕ ያመርታል። ብራዚል ውስጥ በ2024 ሥራ የጀመረው የሱዛኖ ፋብሪካ አቅም 2.55 ሚሊዮን ቶን ነው። ከእነዚህ ጋር በዋጋ ለመወዳደር ትንሽ ፋብሪካ ይቸገራል፤ ዌቡዬ የደረሰባት ይኸው ነው። ፐልፕ ብዙ ውሃ፣ ብዙ ኬሚካልና የማይቋረጥ እንጨት ይጠይቃል፤ የኢትዮጵያ ባሕር ዛፍ ደግሞ በሺዎች በሚቆጠሩ ገበሬዎች ማሳ ዳር ተበትኖ ለአጣናና ለማገዶ የሚሸጥ ነው።

ለጊዜው ቅርብ ያለው መንገድ ውዳቂ ወረቀት ነው። በኬንያ እንደ ቻንዳሪያ ኢንዱስትሪስ ያሉ ፋብሪካዎች ከተሰበሰበ ወረቀት ሶፍት ይሠራሉ። በኢትዮጵያ ከተሞች ቆራሌው ቆርቆሮና ጠርሙስ እየለቀመ ካርቶኑንም ይሰበስባል፤ ከየመሥሪያ ቤቱ መዝገብ ቤት የሚወጣ አሮጌ ወረቀትም ብዙ ነው። ይህ ጥሬ ዕቃ ለእንቁላል ማስቀመጫ፣ ለሶፍትና ለመካከለኛ ካርቶን ይበቃል። የመጽሐፍና የአበባ ካርቶን ወረቀት ግን ለረጅም ጊዜ ከውጭ መምጣቱ አይቀርም፤ በዚህም የሚያሳፍር ነገር የለም።

የሚቀረው መንግሥት ሊሠራው የሚችለው ቀላል ሥራ ነው። የኢትዮጵያ ጉምሩክ ኮሚሽንና የስታቲስቲክስ አገልግሎት የወረቀት ገቢን በዶላር ብቻ ሳይሆን በቶን፣ በጅምላ ሳይሆን የጋዜጣ፣ የደብተር፣ የክራፍትና የሶፍት ብለው ለይተው፣ ከፐልፕና ውጭ ከሚታተሙ መጻሕፍት ጋር ጎን ለጎን በየሩብ ዓመቱ ያውጡት። ገንዘብ ሚኒስቴርም ቀረጥ ከመወሰኑ በፊት ይህን ሰንጠረዥ ይጠይቅ፤ ለተማሪ መጽሐፍ የሚሆን ወረቀት ከተጠናቀቀው የውጭ መጽሐፍ የበለጠ ቀረጥና ወረፋ እንዳይሸከምም ያረጋግጥ።